ከቁስቋም የሄደውን ዘውድ ለማየት ለንደን ልሂድ ወይስ ገንዘቡን ለቤተሰቤ ላቆየው?

የታሪክ መምህር (ጎንደር)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ለብዙ ዘመን በልቤ ይዤው የኖርኩትንና አሁን መወሰን ያለብኝን ጉዳይ ለምክር አቀርባለሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። በየዓመቱ የጎንደርን ዘመን ስናጠና ተማሪዎቼን ይዤ ወደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም እወጣለሁ። የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ ፍራሽ እያየን ስለ ደብሩ የቀድሞ ሀብት አስረዳቸዋለሁ፤ ነገር ግን የማስረዳው ሀብት እዚያ የለም። እቴጌይቱና ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በ1740 እ.ኤ.አ. ገደማ አሠርተው ለቁስቋም ማርያም እንደ ሰጡት የሚታመነው የወርቅ ዘውድ ዛሬ የሚገኘው ለንደን በሚገኘው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አስጭነው ወደ መቅደላ ያጓጓዙት መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። ከዚያ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት አሁን ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛሉ። እነዚህን በዓይኔ ሳላይ ማስተማር እንዳላቆም እመኛለሁ።

ከደመወዜ በየወሩ እየቆረጥኩ፣ ማታ ማታ ተማሪዎችን በማስጠናት የማገኘውን እየጨመርኩ፣ ባለፈው ወር ደግሞ የዕቁብ ዕጣ ደርሶኝ ያጠራቀምኩት ገንዘብ አለ። ትኬቱን፣ ቪዛውንና የዐሥር ቀን መቆያውን ስደምር ከገንዘቡ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ይሄዳል። በሌላ በኩል ትልቋ ልጃችን በመጪው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ የቤታችን ጣሪያም ከክረምቱ በፊት ቆርቆሮው መቀየር አለበት። ባለቤቴ ነገሩን ከእኔ በላይ ስለምታውቀው ሂድ ብላኛለች፤ ይሁን እንጂ የእርሷ ፈቃድ ውሳኔውን አልወሰነልኝም፤ እንዲያውም ይበልጥ እንድጠነቀቅ አድርጎኛል። እንደ እኔ ባለ ሰው አቅም እንዲህ ያለ ጉዞ መደረግ ይገባዋል ወይ? የሚገባው ከሆነስ ቤተሰብን ሳይጎዳ እንዴት ይደረጋል? የሄዳችሁም፣ ለመሄድ አስባችሁ የተዋችሁም ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ቅዳሜ ገበያ

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ነጋዴ ነኝ፤ ስለ ዘውዱ እርስዎ ያውቃሉ፣ ስለ ብሩ ግን እኔ ልናገር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይሸጥ ነበር። የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ገንዘቡን ላቆየው ሲሉ ገንዘቡ ባለበት ይቆያል ማለት አይደለም፤ በባንክ ደብተር የተቀመጠ ብር በየዓመቱ የሚገዛው ነገር እያነሰ ይሄዳል። ይህ ግን ተነሥቶ ለመሄድ ምክንያት አይሆንም፤ መጀመሪያ ዋጋው የሚጨምረውን ነገር ለመግዛት ነው ምክንያት የሚሆነው። ቆርቆሮው ዛሬ ይገዛ፣ ጣሪያው ዛሬ ይሠራ። ቀጥሎ ልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለመጓጓዣ፣ ለልብስና ለኪስ የሚያስፈልጋትን ለይተው ያስቀምጡላት። ከዚያ የሚተርፈው ለጉዞው ይበቃ እንደሆነ ያን ጊዜ ይነጋገሩ። እኔ በበኩሌ በዚህ ዓመት ባይሄዱ እመርጣለሁ። ጣሪያው እያፈሰሰ የሚደረግ ጉዞ ለሄደውም ለቀረውም ልብ አያሳርፍም።

አዘዞ

በዚህ ገንዘብ ኢየሩሳሌምን ቢሳለሙ አይሻልም ወይ? የአባቶቻችን ምኞት እርሷ ነበረች፤ እዚያ ያለው የዴር ሱልጣን ገዳምም የእኛው ይዞታ ነው፤ ተሳላሚዎችም በቡድን ስለሚሄዱ ብቻዎን አይንገላቱም።

የታሪክ መምህር (ጎንደር)

ወንድሜ፣ ኢየሩሳሌምን መሳለም የማይመኝ የጎንደር ሰው አለ ብዬ አላምንም፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ከባለቤቴ ጋር በጡረታችን ዘመን እንሄድ ይሆናል። የአሁኑ ጉዳዬ ግን ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። የማስተምረው ከዚህ ከተማ ስለ ሄደው ሀብት ነው፤ ያ ሀብት ያለው ደግሞ ለንደን ነው።

የቪዛ ጉዳይ

መምህር፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለጉዞ አመልካቾች ሰነድ የማዘጋጀት ሥራ እሠራለሁ። እዚህ ላይ የተነሣው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ሳለ ዋናው ጥያቄ ገና አልተነካም። እርስዎ ገንዘቡን ለጉዞ አውጥተው ለንደንን ላያዩ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው አደጋ ይህ ነው። የእንግሊዝ የስድስት ወር የጎብኚ ቪዛ ክፍያ በኤፕሪል 2025 እ.ኤ.አ. 127 ፓውንድ ሆኗል፤ በየጊዜው ስለሚጨምር ከማመልከትዎ በፊት የዕለቱን ክፍያ ይመልከቱ። ማመልከቻው ቢከለከል ክፍያው አይመለስም። በጎብኚ ቪዛ ላይ መደበኛ የይግባኝ መብት የለም፤ ያለው አማራጭ እንደ ገና ከፍሎ እንደ ገና ማመልከት ነው። ክልከላው ደግሞ ከእርስዎ ጋር ይኖራል፤ ወደፊት ለእንግሊዝም ሆነ ለሌሎች ብዙ አገሮች ሲያመለክቱ ተከልክለው እንደ ሆነ ይጠየቃሉ፤ ያን መደበቅም ከክልከላው የከፋ መዘዝ ያመጣል።

የሚመረምረው ሰው ማወቅ የሚፈልገው በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፦ ይህ ሰው የጉዞውን ወጪ በሐቀኛ መንገድ በተገኘ ገንዘብ ይችላል ወይ? ጊዜው ሲያልቅስ ወደ አገሩ ይመለሳል ወይ? ለሁለተኛው ጥያቄ የእርስዎ መልስ ጠንካራ ነው፤ ቋሚ ሥራ፣ ትዳር፣ ልጆችና ቤት አለዎት። ከትምህርት ቤትዎ ደመወዝዎንና የተፈቀደልዎትን የዕረፍት ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የቤቱን ካርታ ያያይዙ። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ በሕጋዊ ተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ።

የሚያሳስበኝ የዕቁቡ ገንዘብ ነው። የስድስት ወር የባንክ መግለጫ ሲቀርብ፣ በየወሩ ደመወዝ ብቻ ሲገባበት የቆየ ሒሳብ ውስጥ ማመልከቻው ሊቀርብ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አንድ ትልቅ ገንዘብ በአንድ ቀን ገብቶ ከታየ፣ መርማሪው ለማሳያ የተበደሩት ወይም የሌላ ሰው ገንዘብ ነው ብሎ ይጠረጥራል። ዕቁብ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ መርማሪ ይገጥመኛል ብለው አይቁጠሩ። ስለዚህ የዕቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ የፈረሙበት፣ በየሳምንቱ ስንት ይጥሉ እንደ ነበርና ዕጣው መቼ እንደ ደረሰዎት የሚገልጽ ጽሑፍ ይያዙ። ከተቻለም ገንዘቡ በስምዎ ስድስት ወር ሙሉ ተቀምጦ እንዲታይ ጠብቀው ያመልክቱ። ከቻሉ የማስጠናት ገቢዎንም ከአሁን ጀምሮ በእጅዎ ከመያዝ ይልቅ በየወሩ ባንክ ያስገቡት፤ ማስረጃ የሌለው ገቢ እንደሌለ ይቆጠራል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ቪዛው ሳይመጣ ትኬት አይግዙ። ማመልከቻው የተቆረጠ ትኬት አይጠይቅም፤ የጉዞ ዕቅድ ይበቃል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ቀን ሦስት ወር ቀድሞ ነው፤ ውሳኔውም በተለመደው ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። አሻራና ፎቶግራፍ ለመስጠት አዲስ አበባ መምጣት ግድ ስለሆነ፣ መንገዱ በማያስተማምንበት በዚህ ጊዜ የአውሮፕላኑን የደርሶ መልስ ዋጋ ከቪዛው ወጪ ጋር አብረው ይቁጠሩት።

ቅዳሜ ገበያ

የዕቁቡን ነገር ስላነሡት እግዚአብሔር ይስጥልን። ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። የውጭ ምንዛሪውንስ ከየት ያገኛሉ?

የቪዛ ጉዳይ

ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ለያዘ ተጓዥ ባንኮች በመመሪያው ገደብ ውስጥ የውጭ ምንዛሪ ይሸጣሉ። ከመንገድ ላይ ምንዛሪ አይግዙ፤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከየት አመጣኸው ሲባሉ የሚያሳዩት የባንክ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ጎንደሬ በለንደን

መምህር፣ እንደ ምን ሰነበቱ። ተወልጄ ያደግሁት ፒያሳ አካባቢ ነው፤ አሁን የምኖረው ለንደን ነው። ጥያቄዎን ሳነብ በጣም ተነካሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ከመጣሁ በኋላ ያንን ዘውድ አይቼዋለሁ፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ቢያዩት ለስንት ልጆች እንደሚተርፍ አሰብኩ። ስለ ወጪው የማውቀውን ልጻፍ።

ትልቁ መልካም ዜና ሊያዩት የሚመጡት ነገር አብዛኛው በነፃ መሆኑ ነው። የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየምም ሆነ የብሪቲሽ ሙዚየም የመግቢያ ክፍያ የላቸውም። ቪክቶሪያና አልበርት ዓርብ ዓርብ እስከ ማታ አራት ሰዓት ክፍት ስለሆነ፣ ቀኑን ሌላ ቦታ ውለው ማታውን እዚያ ማሳለፍ ይችላሉ። የብሪቲሽ ላይብረሪ የአንባቢ መታወቂያም በነፃ ነው፤ ማንነትዎንና አድራሻዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ ብቻ ይጠይቃል። ከተማው ውስጥ በአውቶቡስ ይሂዱ። በ2025 እ.ኤ.አ. አንድ ጉዞ 1.75 ፓውንድ ነበር፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሌላ አውቶቡስ ቢቀይሩ ድጋሚ አይከፍሉም። ከባቡሩ ብዙ ይረክሳል። አውቶቡሶቹ ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም፤ እንደ ደረሱ ኦይስተር የሚባለውን ካርድ ገዝተው ገንዘብ ይሙሉበት። ገንዘብ የሚበላው መኝታ ነው። በጋራ መኝታ ክፍል አንድ አልጋ ቢይዙና ከሱፐርማርኬት እየገዙ ራስዎ ቢያበስሉ፣ ሆቴል ከሚያድሩበትና ምግብ ቤት ከሚመገቡበት ወጪ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን መቃብር ማየትም እንደሚፈልጉ እገምታለሁ። በ1879 እ.ኤ.አ. ሊድስ ከተማ ሞቶ የተቀበረው ዊንዘር ግንብ ውስጥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። እንደ ጎብኚ ከገቡ የግንቡ ሙሉ ትኬት ያስከፍልዎታል፤ ለእርስዎ አቅም ከባድ ነው። ነገር ግን የሠርኩ ጸሎት ለሚጸልይ ሁሉ ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። ጸሎቱን ተሳትፈው ለዚያ ልጅ ነፍስ ጸልየው መመለስ ይችላሉ፤ እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት፤ በትኬት ከመግባቱ ይልቅ ይህኛው ለእኛ የሚስማማ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። የመምህራን ዕረፍት ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ለንደን በዓመቱ ውስጥ እጅግ ውድ የምትሆነውም ልክ በዚያን ጊዜ ነው። ትኬቱም አልጋውም ጣሪያ ይነካል። ከአንደኛው መንፈቀ ዓመት ፈተና በኋላ ያለችውን አጭር ዕረፍት ቢጠቀሙ፣ ብርዱ ቢከፋም ዋጋው ይወርዳል። ዐሥር ቀን ካልሆነ አይበቃም ብለው ከሆነ ደግሞ ሰባት ቀን በሚገባ ከታቀደ ይበቃዎታል።

እንኮዬ መስክ

እኔ ለምን ሄደው ያያሉ የሚለው አይዋጥልኝም። የእኛን ንብረት ለማየት ለእነርሱ የቪዛ ክፍያ ከፍለን፣ ደመወዝተኛ መሆናችንን አስመስክረን፣ እንደምንመለስ ምለን ተገዝተን እንሂድ? በ2019 እ.ኤ.አ. የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ተመልሷል። ቀሪውም ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ልጆቻችን እዚሁ ያዩታል።

ጎንደሬ በለንደን

እኅቴ፣ ቁጣሽ ቁጣዬ ነው። ይሁን እንጂ ጸጉሩን የመለሰው የጦር ሠራዊቱ ሙዚየም ነው፤ የሌሎቹ ነገር ይለያል። ብሪቲሽ ሙዚየም በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ፣ ቪክቶሪያና አልበርት ደግሞ በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ሕግ ከስብስባቸው ዕቃ አውጥተው በቋሚነት እንዳይሰጡ ታስረዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. የቪክቶሪያና አልበርት ዳይሬክተር ያቀረቡት ሐሳብም የረጅም ጊዜ ውሰት ነበር፤ መመለስ አልነበረም። ሕጉ እስኪለወጥ መታገል አለብን፤ ነገር ግን መምህሩ ሕጉ እስኪለወጥ ይጠብቁ ብሎ መምከር የማስተማሪያ ዘመናቸው ሲያልፍ ማየት ነው።

ዘ-ቀሃ ኢየሱስ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። እኔ ከመጻሕፍቱ በኩል ጥቂት ልናገር። መምህር ሆይ፣ በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን 11 ታቦታት ለማየት በዕቅድዎ አስገብተው ከሆነ ያውጡት። ታሽገው በተለየ ክፍል ተቀምጠዋል፤ ከካህናት በቀር የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም፤ ሊሆን የሚገባውም ይኸው ነው። ስለ እነርሱ ማድረግ የሚቻለው እስኪመለሱ ድረስ መጠየቅና መጸለይ ነው።

የብራና መጻሕፍቱ ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ ከጉዞው በፊት ሊሠሩት የሚገባ ብዙ ሥራም በዚህ በኩል አለ። ላይብረሪው ከመቅደላ መጻሕፍት ብዙዎቹን በፎቶግራፍ አንሥቶ በኢንተርኔት አውጥቷል። በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የኮምፒውተር ጥቃት ምክንያት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ የነበረ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። ሊያውቁት የሚገባው ነገር፣ በእንዲህ ያሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ፎቶግራፉ ያለውን መጽሐፍ ራሱን ብራናውን አውጡልኝ ማለት ቀላል አለመሆኑ ነው። ፎቶውን ይመልከቱ ይሉዎታል። ስለዚህ ለንደን ደርሰው፣ ጎንደር ቁጭ ብለው ማየት የሚችሉትን ሥዕል በኮምፒውተር እንዳያዩ፣ አስቀድመው የትኛውን መጽሐፍ ለምን ጉዳይ ማየት እንደሚፈልጉ ገልጸው ለኃላፊዎቹ ይጻፉ። በየመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ በቦዘው ቅጠል ላይ የሚጻፈውን የርስት፣ የስጦታና የውል ማስታወሻ፣ የየትኛው ደብር ንብረት እንደ ነበር የሚናገረውን ሁሉ በፎቶው ላይ አጥንተው፣ ፎቶው የማያሳየውን ብቻ ለማየት ይጠይቁ። የጥራዙን አሠራር፣ የቆዳውን ማኅተም፣ የብራናውን ፍቀት ፎቶግራፍ አያሳይም። እንዲህ ያለ ጥያቄ የጻፈ ሰው ከተመልካች ይለያል፤ መልሱም በጽሑፍ ከመጣ ለቪዛው ማስረጃ ይሆነዋል።

ይህን ሁሉ አጥንተው ሲጨርሱ፣ የልብዎ ጥያቄ ገሚሱ እዚሁ ጎንደር ተመልሶልዎት ይሆናል። ያን ጊዜ መሄድ ያስፈልገኛል ወይ የሚለውን ከዛሬ ይልቅ በእርጋታ ይመዝኑታል።

የቪዛ ጉዳይ

መምህር ዘ-ቀሃ ያሉት ትክክል ነው። ከላይብረሪው የመጣ መልስ ጉዞው እውነተኛ ዓላማ እንዳለው ያሳያል። ጎንደሬ በለንደን የጋበዙ እንደ ሆነ ግን አንድ ነገር ልበል፦ ከዚህ መድረክ በቀር የማይተዋወቁ ሰዎች የግብዣ ደብዳቤ ቢለዋወጡ፣ እንዴት ተዋወቃችሁ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ደካማ ነው። በራስዎ ገንዘብ በራስዎ አልጋ መሄድ የበለጠ ንጹሕ ነው።

ሌላም ምክር አለኝ። ከአገር ወጥቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ቪዛ ወደማይጠየቅበት አገር፣ ለምሳሌ ኬንያ፣ ደርሶ ቢመለስ ፓስፖርቱ የጉዞ ታሪክ ይይዛል።

ቅዳሜ ገበያ

ከዚህኛው ምክር ጋር አልስማማም። ለአንድ ጉዞ ገንዘብ ላነሰው ሰው ሁለት ጉዞ ማዘዝ ምን ይባላል? የናይሮቢው ትኬትና አልጋ የልጅቱ የአንድ ዓመት ወጪ ነው።

የቪዛ ጉዳይ

አቅም ላለው ማለቴ ነበር። ለመምህሩ አቅም፣ እርስዎ እንዳሉት፣ አይመከርም። የጉዞ ታሪክ የሌለውም ሰው ሰነዱ ከተሟላ ይፈቀድለታል።

የቀድሞ ተማሪ

መምህር፣ ቁስቋም ይዘውን ከወጡት ልጆች አንዱ ነኝ። አሁን ፈረንሳይ እማራለሁ። እርስዎ ስለ መቅደላ ሲያስተምሩን ስለ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም ነግረውን ነበር፤ በ1932 እ.ኤ.አ. ከዳካር እስከ ጅቡቲ የተጓዘው የፈረንሳዮች የጥናት ቡድን ጎንደር በቆየበት ጊዜ ከግድግዳው አንሥቶ፣ በምትካቸው አዲስ ሥዕል አስሎ ለጥፎ የወሰዳቸውን። ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም አይቻቸዋለሁ። ከሥዕሎቹ ፊት ስቆም እርስዎ ክፍል ውስጥ በጠመኔ የሣሉልን የቤተ ክርስቲያኑ ንድፍ ነበር በአእምሮዬ የመጣው፤ የትኛው ሥዕል በየትኛው ግድግዳ ላይ እንደ ነበር የማውቀው በእርሱ ነውና። ለአጠገቤ ሰዎች ይህ የውጭ አገር ጥበብ ነው፤ ለእኔ ግን የሰፈሬ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነበር።

ይህን የምጽፈው ወደ ፓሪስም ይምጡ ለማለት አይደለም። የሸንገን ቪዛ ክፍያ ከጁን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ሁለት ቪዛ ሁለት ጊዜ የመከልከል አደጋ ነው። የምጽፈው ቆሞ ማየት ምን እንደሚያደርግ ልነግርዎት ብዬ ነው። ፎቶግራፉን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ስፋቱን ግን አላውቀውም ነበር። ግድግዳውን ሞልቶ ሲቆም ስንት ሰው ተሸክሞት እንደ ሄደ ያኔ ገባኝ። መምህሬ፣ ይሂዱ። እኔም የምችለውን ያህል አግዛለሁ።

እንኮዬ መስክ

ይህ ልጅ የጻፈው ከእኔ ሐሳብ የበለጠ ነው። ክፍያው አሁንም ያንገበግበኛል፤ ነገር ግን መምህሩ ቢሄዱ አልቃወምም።

የታሪክ መምህር (ጎንደር)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጽሑፎቻችሁን ለባለቤቴ እያነበብኩላት ሁለት ምሽት ተወያየን፤ የደረስንበትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ ቅዳሜ ገበያ እንዳሉት ጣሪያው ይቀድማል። ቆርቆሮው በዚህ ሳምንት ይገዛል፤ አናጢውም ተነግሮታል። የልጃችንን ወጪ ባለቤቴ በስሟ በተከፈተ ሒሳብ ታስቀምጣለች፤ ለጉዞው ቢያንስ እንኳ ከዚያ እንዳይነካ ተስማምተናል። የቀረው ገንዘብ ለዐሥር ቀን ጉዞ አይበቃም፤ ጎንደሬ በለንደን ባሰላችው መንገድ በጥር መጨረሻ ለሚደረግ የሰባት ቀን ጉዞ ግን ለጥቂት ይጎድለዋል እንጂ አይርቀውም። ጉድለቱን እስከዚያ በማስጠናት እሞላዋለሁ። የቀድሞ ተማሪዬ ላግዝ ማለቱ ከገንዘብ በላይ ሆኖልኛል፤ ልጄ፣ ገንዘቡን ግን ለትምህርትህ ያዘው።

ሁለተኛው ውሳኔ ስለሚጠፋው ገንዘብ ነው። የቪዛው ክፍያ፣ የትርጉሙና የአዲስ አበባ ምልልሱ ወጪ ሊጠፋ የሚችል ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ጠፍቶ ቤታችን አይናጋም ወይ ብለን ራሳችንን ጠይቀን አይናጋም አልን። አንድ ጊዜ አመለክታለሁ፤ ብከለከል በዚያው ገንዘብ ሁለተኛ አላመለክትም። የተረፈው የትምህርት ቤቱ የታሪክ ክበብ ፎቶግራፎቹን በትልቅ ስክሪን የሚያይበት ፕሮጀክተር ይገዛበታል። ይህን አስቀድሜ ለባለቤቴ ቃል ስለገባሁላት ያን ጊዜ በንዴት የምወስነው ነገር አይኖርም።

የዕቁቡ ገንዘብ በስሜ የገባው መጋቢት ላይ ስለሆነ ስድስት ወሩ መስከረም ላይ ይሞላል። ማመልከቻውን ኅዳር ላይ አስገባለሁ። የዕቁቡን ጽሑፍ ሰብሳቢያችን ሊፈርሙልኝ ፈቅደዋል። እስከዚያ ድረስ ያሉትን ወራት መምህር ዘ-ቀሃ በነገሩኝ መሠረት ፎቶግራፎቹን ለማጥናት እጠቀምባቸዋለሁ። የጎንደር አድባራት ስም የተጻፈባቸውን መጻሕፍት ለይቼ፣ የቁስቋምን መጀመሪያ አድርጌ፣ ብራናውን ማየት የሚያስፈልገኝን ለላይብረሪው እጽፋለሁ። የሚቀርልኝ አንድ ጥያቄ ነው። ዘውዱ ሁልጊዜ ለዕይታ ይቀመጣል ወይስ አንዳንድ ጊዜ ለጥገና ወይም ለሌላ ትርኢት ይነሣል? ይህን ሁሉ መንገድ ሄጄ ባዶ መስታወት እንዳይጠብቀኝ እፈራለሁ።

ጎንደሬ በለንደን

መምህር፣ የሙዚየም ዕቃ ሊነሣ ስለሚችል ጥያቄዎ ተገቢ ነው። በሙዚየሙ የኢንተርኔት ገጽ ላይ እያንዳንዱ ዕቃ በየትኛው ክፍል እንዳለ ወይም ዕቃ ቤት እንደ ሆነ ተጽፎ ይገኛል፤ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት እርሱን ይመልከቱ፤ በኢሜይልም ይጠይቋቸው። እኔም በመጪው ዓርብ ከሥራ መልስ ሄጄ ያለበትን ክፍል አይቼ እዚሁ እጽፋለሁ። ኅዳር ላይ፣ ከማመልከትዎ በፊት፣ እንደ ገና ሄጄ አያለሁ።